ጭሱ ያለቀ ከሰል

ባለፈው ሳምንት ሬንተን አስቤዛ ልገዛ ሄጄ፣ ሱቁ በር ላይ የተደረደረውን የከሰል ከረጢት ዝናብ ነክቶት ሸተተኝ። እርጥብ ከሰል ሽታው ልዩ ነው፤ አፈርም ይመስላል፣ ብረትም ይመስላል። ጋሪዬን ይዤ ቀጥ አልኩ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ «ኤክስኪዩዝ ሚ» እስክትለኝ ድረስ እዚያ አልነበርኩም።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሰው አገር፣ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። የፈረንጅ ገና ሊደርስ ሲል ትልቅ ነፋስ ተነስቶ ዛፉን ሁሉ ገነደሰው፤ መብራት ጠፋ። ምድጃው በመብራት፣ ማሞቂያው በመብራት፤ ምን ልበላችሁ፣ ቤቱ ፍሪጅ ሆነ። በማግስቱ ባለቤቴ ሥራ ሲሄድ፣ ከበላያችን ብቻቸውን የሚውሉትን አሮጊት ወደ እኛ አወረድኳቸው። ልጃቸው ሥራ ውሎ ነበር የሚመጣው። እማማ ነበር የምላቸው።

«ከሰል የለሽም እንዴ?» አሉኝ እጃቸውን እያሹ።

ለበጋ የገዛነው ነበረኝ። እንደ እናቴ ቤት ሥርዓቱን ጠብቄ፣ በረንዳ ላይ አቀጣጥዬ ጭሱ እስኪያልቅ፣ ፍሙ እስኪቀላ ቆየሁ። የሚያፍነው ጭሱ ነው፣ የቀላ ፍም አይጎዳም ተብለን ነው ያደግነው። ከዚያ በአሮጌ ብረት ድስት አድርጌ ሳሎን መሃል አስገባሁት። እማማን ነፋስ እንዳይመታቸው ደግሞ የበሩን ስር በፎጣ ወተፍኩት።

ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቷ እሳት አጥፊዎች መጥተው አስተምረዋቸዋል።

«ማሚ፣ ኖ ግሪል ኢንሳይድ» አለችኝ፤ የሥጋ መጥበሻ እሳት ቤት ውስጥ አይገባም ማለቷ ነው።

«ይሄ ግሪል አይደለም፣ ከሰል ነው» አልኳት።

እማማ ሳቁ። «ፈረንጅ ነፋሱን አይፈራም፣ እሳቱን ይፈራል። እኛ በምን ያደግን መስሏት ነው?»

ልጄ መስኮቱን ከፈተችው። ዘጋሁት። ደግማ ከፈተችው። «እማማን ብርድ ልታስመቺ ነው?» ብዬ ጃኬቷን አልብሼ መኝታ ቤት አስገባኋትና በሩን ዘጋሁባት። አኮረፈች።

እኔና እማማ አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበን ተቀመጥን። ፍሙ ላይ ሽሮ ጥጃለሁ፤ የገና ጾም ስለሆነ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም። ዝናቡ መስኮቱን ይገርፋል፣ ሽሮው ይንተከተካል፣ ፍሙ ፊታቸውን አቅልቶታል። እማማ የሰርጋቸውን ቀን ያጫውቱኛል። በቅሎዋ ከመንገድ ዞራ እሳቸውን፣ ሙሽራዋን፣ አባታቸው ቤት መልሳ አደረሰቻቸው። «ሚዜዎቹ እስኪደርሱ እኔ ሁለተኛ ምሳ በላሁ» ብለው አሳቁኝ።

ራሴን አመመኝ አልኳቸው።

«ጾሙ ነው ልጄ። እኔንም እየወቀረኝ ነው። ቻይው፣ ዘጠኝ ሊሞላ ነው።»

ጭናቸው ላይ አስተኙኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም እንደዚያ አድርጎልኝ አያውቅም። ጣታቸው በጸጉሬ ውስጥ እየሄደ፣ ድምፃቸው እየራቀ እየራቀ ሄደ። ሙቀት ነበር። ደስ ይል ነበር። ልንሞት የነበርንበትን ቀን ማን ይናፍቃል? እኔ እናፍቀዋለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ልጄ ለካ በንዴት የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፍታ እሱ ላይ ተደግፋ ነበር። እሱ ነው ያተረፋት። ርቧት ስትወጣ ብትጠራኝ፣ ብትነቀንቀኝ፣ ዝም። ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት በር ደበደበች፤ ጎረቤቱ ነው ጎትቶ ያወጣን። እኔ የማስታውሰው ከጀርባዬ ቀዝቃዛውን ደረጃ፣ ፊቴ ላይ ደግሞ ዝናቡን ብቻ ነው።

በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚዋ አስረዳችኝ፤ የከሰሉ መርዝ ጭስ የለውም፣ አይሸትም፣ ፍሙ ሲቀላም ይወጣል። የእናቴ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። ይሄኛው አይተነፍስም፤ የቀረችውንም ቀዳዳ እኔው በፎጣ ደፈንኳት።

እማማ ድነው ወጡ። ልጃቸው አልተቆጣኝም፤ ብቻ ቤት ቀይሮ ራቅ ያለ ከተማ፣ ሊንውድ ወሰዳቸው። «ነይ እንጂ፣ ጨዋታው አላለቀም» ይሉኝ ነበር በስልክ። እኔ ፍሪዌይ ላይ፣ መኪናው ሁሉ በሚከንፍበት አውራ ጎዳና፣ መንዳት እፈራለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስል አረፉ። ባላቸው ቤት በምን እንደደረሱ ሳልሰማ ቀረሁ።

ልጄም አሁን ሌላ ስቴት ኮሌጅ ናት፤ ዘንድሮ ለበዓሉ አትመጣም። ብርድ ሲገባ ኮል አደርግላትና መርዙን የሚያጋልጠውን አላርም ተጭነሽ አሰሚኝ እላታለሁ። «ማሚ፣ አጌን?» ትለኛለች። ግን ትጫነዋለች። ጩኸቱን ስሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ያን ቀን ሆስፒታል፣ አስተርጓሚዋ ከመምጣቷ በፊት፣ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ልጄን ጠየቃት። እንግሊዝኛው ባይገባኝም እጁ ወደ እኔ ሲጠቁም ገባኝ፤ እሳቱን ማን አስገባው ነው የሚላት። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው አልኩ በልቤ። እሷ አየችኝ፣ እማማን አየች፣ ቀስ ብላ የሆነ ነገር መለሰችለት። እሱም ራሷን ዳበስ አድርጎ ሄደ።

አፌ ላይ ያለውን የኦክስጅን ጭምብል ገፍቼ «ምን አልሽው?» አልኳት።

በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ «ሁላችን በርዶናል፣ አልኩት» አለችኝ።