ትርንጎ ውኃ የደፋችባቸው ሽማግሌ

ባለፈው ሰኞ የአማርኛ መምህራችን «አስተዋይ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፈው ከየዕለት ኑሯችን ዓረፍተ ነገር እንድንሠራበት አዘዙን። ክፍሉ በአንድ አፍ «አስተዋይ ተማሪ ጥሩ ውጤት ያመጣል» አለ። መምህሩ ሳቁ። «ይኼማ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው! እኔ የምፈልገው የምታውቁትን ሰው ነው። ምን ሲያይ አይታችሁት ነው አስተዋይ ያላችሁት?» እኔ ወዲያው አባባ ደሴ መጡብኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀመርሁ፤ ይኸው እዚህ ደርሷል። መጻፍ እንዲህ እንደሚያስደስት ማንም አልነገረኝም ነበር!

ነገሩ ሲሆን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ እህቴ ትርንጎ አሥራ አንደኛ። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ገብሱ ወደ ቢጫነት እያደላ፣ መንገዱ ጭቃነቱን ትቶ አቧራ ሊሆን የሚያመነታበት፣ የጠዋቱ ብርድ ጆሮ የሚቆነጥጥበት ጊዜ ነበር። እኔ ከወር ሁሉ ጥቅምትን እወዳለሁ፤ የዚያን ዓመቱን ግን ልጠላው ምንም አልቀረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች መጡ። ትርንጎን ሐሙሲት ላለ የእህል ነጋዴ ልጅ ሊጠይቁ ነው። በእኛ አገር ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ተስፋ ያለው ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ደጅ ቆሞ ይለምናል። አባቴ ግን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «ግቡ፣ ግቡ፣ አረፍ በሉ» አላቸው። ጓዳ ውስጥ ትርንጎ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

«አለቀልኝ» አለች።

በሚቀጥለው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትቀመጥ ነበር። ሐሙሲት ከገባች ትምህርቱ እዚያው ማብቃቱ ነው።

እናቴ ዶሮውን ስታወጣ እህቴ እንግዶቹን ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ገባች። ግድግዳችን ያኔ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበደ ነበር፤ አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ተለጥፏል። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ አባባ ደሴ እጃቸውን ዘረጉ። ውኃው መጀመሪያ እጃቸው ላይ፣ ቀጥሎ እጅጌያቸው ላይ፣ ከዚያም ጉልበታቸው ላይ ወረደ!

«ኧረ አንቺ ልጅ! ዓይንሽ የት ነው? አባባን አጠመቅሻቸው እኮ!» አለች እናቴ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ በኀፍረት አቀረቀረ። አባባ ደሴ ግን ጋቢያቸውን እንኳ አላራገፉም። ትርንጎን ነበር የሚያዩት፤ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ዘንበል አድርጋ የቆመችውን። ከዚያ እሳቸውም አንገታቸውን እንደ እሷ ዘንበል አድርገው ወደ ግድግዳው ተመለከቱ።

«ምን ይላል እሱ?» አሏት።

እህቴ ደነገጠች። «ስለ ንቦች ነው፣ አባባ። ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፉት። መጨረሻው ግን ሌላ ገጽ ተለጥፎበታል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆምብኛል።»

«ሁልጊዜ ታነቢዋለሽ?»

«ባነበብሁት ቁጥር መጨረሻውን የምደርስበት ይመስለኛል።»

አባባ ደሴ እጃቸውን ታጥበው ጨረሱ፤ እንጀራውን ግን አልነኩም። ወደ አባቴ ዞር አሉ።

«ወዳጄ፣ ልጅህን ልንለምን መጥተን ነበር። ይችን ልጅ ዛሬ ብንወስዳት ግን ልቧ እዚህ ቀርቶ ገላዋን ብቻ ነው የምንወስደው። የጀመረችውን ትጨርስ። ያን ጊዜ እሷ ከወደደች ደጅህን አናጣውም።»

አጠገባቸው የተቀመጠው ሽማግሌ አፉ ተከፈተ። «ምነው አባባ፣ አንቱን የላከዎት ማነው?»

«የላከኝማ የልጁ አባት ነው። ሽማግሌ ግን የሁለት ቤት ነው።»

አባቴ ጢሙን አሻሸ። እምቢ ያለ የለም፤ የተዋረደም የለም። «እንግዲህ አንቱ ካሉ» አለ በመጨረሻ። ወደ ጓዳ ሮጠን ስንገባ ትርንጎ አፏን በነጠላዋ አፍና ዘለለች። እኔም ዘለልሁ።

ይህን ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ። ውኃው ሲፈስ ሁላችንም አይተናል። እናቴ ያየችው ነውር ነው፤ እኔ ያየሁት የሚያስቅ ነገር። ልጅቷን ያዩዋት፣ ከቤተ ሰቡ ማንም ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት እንግዳ ናቸው።

ዛሬ ትርንጎ ባሕር ዳር ነርስነት ትማራለች። የነጋዴው ልጅም ሌላ አግብቷል፤ ደኅና ነው ይላሉ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ደሴን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ዓረፍተ ነገሬን አነበብሁላቸው፦ «አባባ ደሴ አስተዋይ ሽማግሌ ናቸው፤ እህቴ ውኃ ስትደፋባቸው ከልብሳቸው በፊት ዓይኗን አዩ።» ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ልጄ፣ ያን ጊዜ እንጂ ከዚያ በፊት አስተዋይ አልነበርሁም» አሉኝ። «የራሴን ልጅ ስድር አምርራ አለቀሰች። ሙሽራ መቼም ያለቅሳል፣ ወጉ ነው ብዬ ጠላዬን ጠጣሁ።»

አስተዋይነት እንደ ቁመት አብሮ የሚወለድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው አንድ ጊዜ ሳያይ ያለፈው ነገር ሲቆጠቁጠው ኖሮም ይማረዋል። እንዲህ ሆኖ መማር ደግሞ፣ ለእኔ፣ ይበልጥ ያስከብራል።

ዓረፍተ ነገሬን አልሰረዝሁትም። ነገ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።