የግራ እጅ ፈትል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርሁም። ጾም የሻርሁበትን፣ ጎረቤት ያማሁበትን፣ በሟቹ ባሌ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁበትን ሁሉ እግራቸው ሥር ወድቄ ዘርዝሬያለሁ። ይህንን ግን ይዤው ሄጄ ይዤው እመለስ ነበር። አሁን የምጽፈው ደግ ሆኜ አይደለም። እዚሁ መካነ ሰላም፣ በገዛ ቤቴ ያየሁት ነገር አስደንግጦኝ ነው።

እኔ የእናቴን መገነዣ ቀድጄ ቀሚስ ሰፍቻለሁ።

አንዴ ጻፍሁት። ደግሜ ልጻፈው፤ የእናቴን መገነዣ ቀድጄ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። በእኛ አገር ዕድሜዋ የገፋ ሴት ስትሞት የምትጠቀለልበትን ኩታ በቁሟ አሠርታ ሣጥን ውስጥ ታኖራለች። እናቴ ወርቄም እንዲሁ አደረገች። ከአባይ በረሃ የሚወጣውን ጥጥ ገዝታ፣ ፈልቅቃ፣ ባዘቶውን አዘጋጅታ ድሩን ራሷ ፈተለች። ማጉን የፈተለችው የወንድሜ የጌታሁን ሚስት ትርንጎ ናት።

ትርንጎ ከአቀስታ በላይ ካለ ብርዳም መንደር የመጣች ግራኝ ልጅ ነበረች። ስትፈትል እንዝርቷን የምታሾረው በግራ እጇ ነው። እናቴ መጀመሪያ ቀኟን ልታስለምዳት ሞከረች፤ አልሆነም። በኋላ ስቃ፣ "ተይው፣ በግራሽም ቢሆን ፍተዪው። እኔ እንደሆነ ከሞትሁ ወዲያ ቀኝና ግራ አልለይ" አለቻት። እኔን እንዲህ ስቃ አናግራኝ አታውቅም። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ ኑዛዜ ነው ተብሎ የበደሉኝን ሁሉ ልረሳ አልተቀመጥሁም።

ሸማኔው ክሩን ሲያይ አኮረፈ።

"እትዬ ወርቄ፣ ይህቺ ምራትዎ በተቃራኒ ነው የገመደችው። ድሩ ወዲህ ይላል፣ ማጉ ወዲያ ይላል።"

"እንግዲያ መቃብር ውስጥ ይታረቁ" አለችው እናቴ።

ኩታው ተሠርቶ የመጣ ቀን ግን ሁላችንም ከበን አየነው። ጥለት የለው፣ ጌጥ የለው፣ ነጭ ብቻ ነው። ሲዘረጋ ግን ብርሃኑ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ጥጥ መሆኑን እያወቅሁ ሐር መሰለኝ። እናቴ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አኖረችው፣ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ለትርንጎ ሰጠቻት። ለእኔ ለልጇ ሳይሆን ለምራቷ።

እኔ ያን ጊዜ የልብስ እብድ ነበርሁ። ሌላ ስም የለውም። ከደሴ መኪና ሲመጣ የሚወርዱትን ሴቶች ተከትዬ እሄድ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይሆን ስፌታቸውን ለማየት። እጅጌው እንዴት እንደተነፋ፣ ወገቡ የት ላይ እንደተሰበሰበ አይና ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ በከሰል እስለዋለሁ። በገበያ ቀን ልጃገረዶቹ ያዩኝና፣ "በላይነሽ፣ ዛሬስ የማንን ቀሚስ በዓይንሽ ቀደድሽው?" ይሉኛል። ይሳቁ። እነሱ ያልለበሱትን ሁሉ እኔ በሐሳቤ ለብሼዋለሁ።

አንዲት የአስተማሪ ሚስት ነበረች፣ ከከተማ የመጣች። ነጭ ክሎሽ ቀሚስ ነበራት፤ ሰፊ ሆኖ ስትዞር እንደ ጃንጥላ የሚከፈት፣ ከአንገቱ እስከ ወገቡ የተጠለፈ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጥልፉን ልነካው እጄን ዘረጋሁ። ሸሸት ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እጅሽን ታጠቢና ንኪው" አለችኝ። እጄ ንጹሕ ነበር። እምላለሁ፣ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደኛል እንጂ እረፍት አልነበረኝም። የእሷን የሚያስንቅ ቀሚስ ካልለበስሁ የማልኖር መሰለኝ። ልብስ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል? እኔን አድርጎኛል።

የአክስቴ ልጅ አቀስታ ላይ ለአንድ አስተማሪ ልትዳር ሆነ። ያቺ ሴት ከባሏ ጋር እንደምትመጣ ሰማሁ። በከተማው ሱቅ ያለው ሁሉ ቴትሮን የሚሉት የፋብሪካ ጨርቅ ነው፤ እሱንም የምገዛበት የለኝ። ያን ጊዜ ነው ሣጥኑ ትዝ ያለኝ። ትዝ ያለኝ ልበል? ከሐሳቤ ወጥቶ ያውቅ ነበር?

ትርንጎ ጠጉሯን ልትታጠብ መቀነቷን ፈትታ መደብ ላይ ጣለችው። ቁልፉ ጫፉ ላይ ታስሯል። ሣጥኑን ከፈትሁ፤ ኩታውን አወጣሁ፤ በቦታው አቡጀዲ አጣጥፌ አስቀመጥሁ፤ ቆለፍሁ፤ ቁልፉን መለስሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ ጋሽ ይማም የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት።

"ልጄ፣ ይህ ጥለት የለውም። ለምን ብላ ነው እናትሽ ያሠራችው?"

"ለቀሚስ ነው።"

"ወላሂ፣ ለቀሚስ ብላ ያለ ጥለት የምታሠራ እናት አላየሁም።"

"እሷ ናት የላከችኝ" አልሁ። ሽማግሌው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው መቀሱን አሳረፉበት። የጨርቁ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጋሽ ይማም ብዙም ሳይቆዩ ጓዛቸውን ጠቅልለው ደሴ ገቡ። ምስክሬ ሄደ ብዬ ደስ አለኝ።

ጥልፉን ራሴ ጠለፍሁት። መስቀል አላደረግሁም፣ የሰው ሥራም አልቀዳሁም። የገብስ ዘለላ ነው፣ ነፋስ ሲያጎነብሰው። ከአንገቱ ይጀምርና ጠጉሩ ደረት ላይ ተበትኖ ወደ ወገብ ይወርዳል፤ ላይ ላይ አረንጓዴ ነው፣ እየወረደ ቡላ ይሆናል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ እሱ ነው። ልጆች ወልጃለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ። እሱ ይበልጣል። ይህም ኃጢአት ከሆነ ይጻፍብኝ።

እናቴ እንዳታየው በጨርቅ ጠቅልዬ በጭነት መኪና አቀስታ ሄድሁ፤ እዚያ ለበስሁት። ሰርገኛው ዘወር ብሎ አየኝ። ያቺ የአስተማሪ ሚስት መጣች። "ከየት አገኘሽው?" ብላ እጇን ወደ ደረቴ ሰደደች። እኔም ሸሸት ብዬ፣ "እጅሽን ታጥበሻል?" አልኋት። ቀልታ ስትመለስ አየኋት። እውነቱን ልናገር ካልሁ ሁሉንም ልናገር፤ የዚያ ቃል ጣዕም እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም።

ሌላ ኩታ አሠርቼ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። እናቴ ጤነኛ ናት፣ ጊዜ አለኝ ብዬ ነበር። በዚያው ክረምት ሳል ጀመራት፣ ሁለት ሰንበት እንኳን አልቆየችም።

ጎረቤቶች አጥበው ሲጨርሱ ሣጥኑ ተከፈተ። የከፈተችው አሮጊት አቡጀዲውን አወጣችና ዘረጋችው። እንደገና ሣጥኑን ጎንበስ ብላ አየች፤ በእጇ ዳበሰች። "ኩታው የታለ? ወርቄ ያሳየችኝ ኩታ የታለ?" አለች። ለቅሶው ቀጥ አለ። የሞተ ሰው ባለበት ቤት ለቅሶ ሲቆም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

"ቁልፉ ማን ጋ ነበር?" አለ አንድ ሰው።

እኔ ነኝ የመለስሁት። "ትርንጎ ጋ" አልሁ።

ይህ ብቻ ነው ያልሁት። ሰረቀች አላልሁም። ሐሰት አልተናገርሁም እያልሁ ስንት ዘመን ራሴን ሳባብል ኖርሁ! ትርንጎ ሕፃን ልጇን እንዳዘለች ብድግ አለች። "በእጄ የፈተልሁትን እሰርቃለሁ?" አለች። ወደ እኔ አልነበረም የምታየው፤ ወደ ባሏ ነበር። ጌታሁን መሬት መሬት አየ። ወንድሜ እንዲህ ነው፤ በችግር ቀን መሬት የሚያይ ሰው። እናቴ በአቡጀዲ ተገንዛ ሄደች። አርባዋ ሲወጣ ትርንጎ ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። በማርያም እምላለሁ ብላ ነበር፣ ማንም አላስማላትም። ጌታሁን ሌላ አገባ፤ ሚስቴ የእናቴን መገነዣ ሸጠችብኝ እንዳለ እሱም ሞተ።

እኔ ቀሚሱን ዳግመኛ አልለበስሁትም፤ አላቃጠልሁትምም። ለምን አላቃጠልሁትም? አንዳንድ ቀን ሣጥኔን ከፍቼ አየዋለሁ። ንስሐ ልገባበት አልነበረም። ስለሚያምር ነው።

ባለፈው ዓመት ቤዛ መጣችብኝ። የትርንጎ የልጅ ልጅ ናት፣ የወንድሜም የልጅ ልጅ። እዚህ ልትማር መጥታ ቤት ስታጣ አስጠጋኋት። ለጽድቅ ነው አትበሉ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ልጅቷ ልብስ ወዳድ ናት። ከሰልባጅ ተራ አሮጌ ኮት ታመጣና ትቆርጠዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ሌላ ነገር ታደርገዋለች። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ያንን ቀሚስ ከሣጥኔ አውጥታ ለብሳ ደጃፌ ላይ ትሽከረከራለች። ጓደኛዋ በስልክ ትቀርጻታለች።

"እማማ! ይሄን ደብቀሽ ኖርሽ? ነውር አይደለም እንዴ!" አለችኝ እየሳቀች።

ዘንቢሉ ከእጄ ወደቀ። ቲማቲሙ ደጅ ለደጅ ተንከባለለ። "አውልቂው!" ብዬ ስጮህ ልጅቷ ክው አለች። ግን ምን ዋጋ አለው? ቪዲዮውን ለቀቀችው፤ አገር ሁሉ እያየ ማነው የሠራው ይል ጀመር። ልንገራችሁ፣ በድንጋጤዬ መሀል እሱም ደስ አለኝ።

ለፋሲካ ቤዛ አያቷ ዘንድ ሄደች። ስልኳን ይዛ ሄደች።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አንዲት አሮጊት ከሚኒባስ ወርዳ በሬ ላይ ቆመች። በመልኳ አላወቅኋትም፣ በትሯን በግራ እጇ መያዟ ነው ያሳወቀኝ። ትርንጎ ናት። ገብታ አልተቀመጠችም።

"እንደምን ከረምሽ በላይነሽ። ቀሚሱን አምጪው።"

አመጣሁት። ገልብጣ የውስጡን ስፌት ፈለገች። ከዝምዝማቱ አንድ የማግ ክር መዘዘች፤ በሁለት ጣቷ መሀል ይዛ አዞረችው። ሌላ ሰው የፈተለው ክር በዚያ በኩል ሲዞር ይጠብቃል። ይህ ግን ተፈታ፣ ላላ፣ ተመልሶ ጥጥ ሆነ። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ።

"የእጄ ሥራ ነው" አለች።

ጥጡን በጣቴ ነካሁት።

"ሸማኔው አኩርፎ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ድሩ ወዲህ ማጉ ወዲያ ብሎ። ያብለጨለጨው ለዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄን ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ኩታ የሚያሠሩ ሰዎች ሸማኔውን የትርንጎን ማግ ካላገባህ እያሉ ከደጎሎ ድረስ ይልኩብኛል።"

ይህን ስሰማ የደነገጥሁትን ድንጋጤ እንዴት ልጻፈው? ያሳበደኝ ያ ብርሃን፣ ሐር የመሰለኝ፣ እናቴን ያስከዳኝ ብርሃን የእሷ ነበር! የእሷን እጅ ወድጄ እሷን ከቤት አስወጣሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ሣጥን ከፍቼ ሳየው የኖርሁት የእሷን እጅ ነበር።

"ለጌታሁን ነግረሽው ነበር?" አለችኝ።

"አልነገርሁትም።"

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፣ ብዙም ሳትቆይ መለሰችው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ቀሚሱን ጭኔ ላይ ጣለችው።

"ጥልፉን ፍቺው። ስፌቱንም ፍቺው። ቁርጥራጩን ገጣጥመሽ እንደነበረው ኩታ አድርጊልኝ። እኔ እገነዝበታለሁ። ስትጨርሺ ይዘሽው መንደሬ ድረስ ትመጪና በሰው ፊት ትሰጭኛለሽ። ከምን እንደሠራሽውም ትናገሪያለሽ።"

"እሺ" አልሁ።

"ቶሎ አድርጊው። እኔም አርጅቻለሁ።" ይህን ብላ ሄደች። ውኃ እንኳን አልቀመሰችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እየፈታሁ ነው። ጎኑን ፈታሁ፣ እጅጌውን ፈታሁ፣ የወገቡን ስብስብ ፈታሁ። ከወገቡ በላይ ያለውን ቡላውን ገብስ በመርፌ እየነቀስሁ አወጣሁ፤ ደረቱ ላይ የተበተነውን ጠጉርም አወጣሁ። ቤዛ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ "እማማ፣ በእናትሽ፣ ሌላ ኩታ እንግዛላት" ትላለች። አያቷ ለምን እንደመጣች ነግሬያታለሁ። ያለቀሰችው ግን ለአያቷ አልነበረም፤ ለጥልፉ ነው። ሳያት ራሴን አየሁ።

የቀረው አንገቱ ነው። አረንጓዴው፣ መጀመሪያ የጠለፍሁት። ጠዋት ጠዋት መርፌውን አነሣለሁ፣ ክሩ ሥር አስገባለሁ፣ እጄ ይቆማል። ኩታውን ስሰርቅ ያልተንቀጠቀጠ እጅ አሁን ይንቀጠቀጣል። ለእናቴ አልተንቀጠቀጠም፤ ለትርንጎ አልተንቀጠቀጠም፤ ለአንገት ጥልፍ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ እኔ ይህች ነኝ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የሚሉኝ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ይቅርታ ጠይቂኝ አላለችኝም፣ ኩታዬን ስጪኝ ነው ያለችኝ።

አቀስታ ያለ ዘመዴ ትናንት ደውሎ ትርንጎ ሳል እንደጀመራት ነገረኝ።

መርፌው ፊቴ ነው። አንገቱ ገና አልተፈታም።