በቪቲካላ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የገለባ ሰው

ሴራፊና ማልታ ተሸካሚ ነበረች። በታምፔሬ ከተማ ጡቡን የሚደረድረው ወንድ ቢሆንም፣ ማልታው፣ ማለት የተቦካው ኖራና አሸዋ፣ የእንጨት መወጣጫውን ፖንቴ የሚወጣው በሴት ትከሻ ነበር። ከተማዋን አቋርጦ በሚወርደው ፏፏቴ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች እየበዙ ሲሄዱ፣ ከገጠር የፈለሰው ሕዝብ ማደሪያ አጣ። አቅም ያነሰው ከከተማው ወሰን ውጭ፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል በተጋደመው በፒስፓላ ኮረብታ ላይ ጎጆውን ቀለሰ። ሴራፊናና ባሏ ኤቨርትም እዚያው አንድ ክፍል የግንድ ቤት ሠርተው ነበር።

መሬቱ የባለርስቱ የቪቲካላ ነበር፤ ውሉም የቃል ብቻ። ቪቲካላ ሁለተኛ የጡብ ማቃጠያ ምድጃ ሊያቆም ቦታውን ሲፈልገው በየካቲት ብርድ አስነሣቸው። በዚያ አገር ሰው ከመሬቱ ቢነሣም ቤቱ የራሱ ነው፤ ግንዱን ምልክት እያደረገ ይፈታና ሌላ ቦታ ወስዶ ይተክለዋል። እነሱም ፈትተው ከመንገድ ዳር ከመሩት። ፈረስና የበረዶ ጋሪ ተውሰው ሲመለሱ ክምሩ የለም።

“እኔ ያየሁት ግንድ የለም” አለ ቪቲካላ፤ ከበስተኋላው የቀድሞው ምድጃ ይንቦገቦጋል።

ኤቨርት በጎረቤት የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ ተጠግቶ ሲስል ከረመና፣ በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ። ቂም ተይዞ ጸሎት አይሆንም ይባላል። ሴራፊናም ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ተወች፤ ቂሟን አልተወችም።

ዓመታት አለፉ። ቪቲካላ ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራይ ባለ አራት ፎቅ ቤት ሲጀምር፣ ማልታ ልሸከም ብላ ገባች።

“አንቺ ሴትዮ፣ ለዚህ ሰው መሸከም አይቀፍሽም?” አላት የአናጢዎቹ አለቃ ኔስቶሪ።

“ምን ይቀፈኛል? ቤቴ እኮ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው። ጡቡ የተቃጠለው በማን ግንድ መሰለህ?”

“እና ምን ልታደርጊው ነው?”

“ጣሪያው ይውጣ፤ ያኔ ታያለህ።”

ጣሪያው ወጣ። በአገሩ ልማድ የጣሪያው አናት የቆመ ቀን ባለቤቱ ሠራተኞቹን ማብላት አለበት። የነፈገ እንደሆነ የገለባ ሰው ሠርተው ከአናቱ ላይ ይሰቅሉበታል፤ ያ እስኪወርድ ድረስ ደህና ሰው እዚያ ቤት ዕቃውን አያስገባም። ቪቲካላ ደግሞ ባለ ፎቅ ከሆነ ወዲህ ልማድ ንቋል።

“ያ የባላገር ወግ ነው። የእኔ ቤት የከተማ ቤት ነው” አላቸው።

“እንዳሉ ጌታው” አለ ኔስቶሪ፤ ባርኔጣውን ግን አላነሣለትም።

የገለባውን ሰው የሰፋችውም የሰቀለችውም ሴራፊና ናት። ሆዱን አሳበጠችው፤ በሽቦ የሰዓት ሰንሰለት ሠራችለት፤ በብብቱም የከሰለ ግንድ አስያዘችው። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ከኮረብታው የሚወርደው ሕዝብ ሁሉ አየው።

“ቪቲካላ ከስቷል ልበል?” አለች አንዲት የፋብሪካ ጥጥ ፈታይ።

“የሰው ቤት የበላ ደግሞ ይከሳል?” አለቻት ጓደኛዋ።

ሊከራዩ የመጡት ቀና ብለው እያዩ ተመለሱ። ሳምንት ሳይሞላ ቪቲካላ የአተር ሾርባ በትልቅ ድስት፣ ጥቁር ዳቦና አንድ በርሜል ቢራ አስጭኖ መጣ።

“በሉ ብሉ። ያንን ነገር ግን አውርዱልኝ።”

ወንዶቹ ሳህን አነሡ። ኔስቶሪ ወደ ሴራፊና ዞረ። “የሚያወርደው የሰቀለው ነው። ልማዱ እንዲያ ነው።”

“እኔ አላወርደውም” አለች። “ቸኩለው ከሆነ ጌታው ወጥተው ያውርዱት።”

“በታመመ ጉልበቴ ትቀልጃለሽ?”

“ኤቨርትም ሳል ነበረበት።”

መንገዱ በሰው ሞልቷል። ቪቲካላ ከማልታ ተሸካሚ ጋር ቆሞ ከመከራከር መውጣቱን መረጠ። እያለከለከ ፖንቴውን ጨረሰ፤ ከዚያ በአጭሯ መሰላል ወደ አናቱ ወጥቶ ከገለባው ሰው ጎን ተፈናጠጠ። ሴራፊና ከኋላው ተከትላ ፖንቴው ላይ ወጥታ ነበር። መሰላሏን ከሥሩ ሳበቻት።

“መሰላሉን መልሺ።”

“ግንዶቼ የት ገቡ?”

“አብደሻል እንዴ?”

“ታች ላሉት ይንገሩልኝ ጌታው። የት ገቡ?”

ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ቪቲካላ የገለባውን ሰው አቀፈ።

“ምድጃ ውስጥ” አለ።

“አልተሰማም።”

“አቃጠልኋቸው። የማን እንደሆኑም አውቅ ነበር።” ይህን ጮክ ብሎ አለው። ከታች አንዲት አሮጊት መሬት ላይ እንትፍ አለች።

ሴራፊና መሰላሏን እንደ ማልታ በትከሻዋ ይዛ ወረደችና ከኔስቶሪ እግር ሥር ጣለቻት።

“ስትጠግቡ ውሰዱለት።”

“አንቺስ አትበይም?”

“የሱን ሾርባ?”

ወንዶቹ ያን ቀን ቀስ ብለው በሉ። ሁለተኛ ሳህን የሞላም ነበር። ሴራፊና ከመንገዱ ማዶ እጇን አጣጥፋ ቆመች፤ ድስቱ ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከጣሪያው አልነቀለችም።