ሰባት ቤት ቀጥቃጭ

ሳቄ ቢያመልጠኝ አትቀየሙኝ። የጣሊያን ጊዜ የመከራ ጊዜ ነበር፤ ካገራችን ከቀወት ስንቱ ጎረምሳ ዱር ገብቶ እንደወጣ ቀርቷል፣ ስንቱ ቤት ተቃጥሏል። ይህን አልረሳሁም። ግን እኔ ያኔ ገና ሃያ ያልሞላኝ፣ ፍቅር ያሳበደኝ ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ዘመን ሲነሳ አስቀድሞ የሚመጣብኝ ሳቅ ነው፣ ምን ላድርግ!

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ከሮቢት ወንዝ ማዶ፣ ከሰፈሩ ገለል ብለን እንኖር ነበር። ገለል ያልነው ወደን አይደለም። አገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭዱን ከአባቴ እጅ ይወስዳል፣ መርቆም ይሄዳል፣ ከቤታችን ግን ውሃ እንኳ አይቀምስም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ከሱ ጋር አንድ ገበታ የቀረበ ሆዱን ይዞ ይተኛል ይባላል። ብረት ሲያሠሩ አባቴ ‹‹ጋሼ›› ነው፤ ዞር ሲሉ ‹‹ያ ጠይብ›› ነው። እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ።

ወናፍ ስነፋ ነው እንግዲህ ልጁ ያየኝ። የባለግመሉ ልጅ። አባቱ ከአሊዩ አምባ እስከ ቆላው ድረስ በግመል ጭነት የታወቁ፣ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ባንድ ትንፋሽ ቆጥረው የማይጠግቡ ሰው ነበሩ። ልጁ መጀመሪያ የተሰበረ ማጭድ ይዞ መጣ። በሳምንቱ ሌላ ማጭድ። ከዚያ መጥረቢያ። ባንድ ወር ሦስት ማጭድና ሁለት መጥረቢያ ሲሰበርበት አባቴ ብረቱን እያገላበጠ፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ የምታጭደው ማሽላ ነው ወይስ ድንጋይ?›› አለው። እኔ ወናፉ ላይ ተደፍቼ በሳቅ ልሞት! ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ቋጥኝ ላይ እየወቀጠ እንደሚሰብረው ነግሮኝ ነበራ!

‹‹ላገባት ነው፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ›› ብሎ አባቱን ሲጠይቅ ግን ሳቃችን አለቀ። ‹‹የጠይብ ልጅ ከኔ ቤት? ወላሂ፣ በሰባት ቤት ዘሬ መዶሻ የጨበጠ የለም! እኔን ቅበርና አግባት!›› አሉት። ይባስ ብለው ቀወት ላይ ሌላ ልጅ ሊያጩለት ሰው መላክ ጀመሩ። ሠርጉ ማሽላው እንደተሰበሰበ ነው ተባለ፤ የቀረን ጊዜ እስከዚያ ብቻ ነበር። ልጁን ካጣሁ ሌላ ማን ደጃችንን ረግጦ ይጠይቀኛል? ከወናፉ ጋር ማርጀቴ ነው ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ።

በዚያው ሰሞን ጣሊያን መንገዱን ከጣርማ በር ቁልቁል እያወረደ ሮቢት ደረሰ። ባለግመሉ ለሠራተኛው ውሃ እንዲያመላልሱ ታዘዙ፤ አባቴም የሠራተኛውን ዶማ እንዲያሾል። የካሚዮኖቹ፣ የጭነት መኪኖቹ፣ መካኒክ አንድ ረጅም፣ ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ ፈረንጅ ነበር። ከጣሊያን ጋር ይምጣ እንጂ የጀርመን ዘር ነው፣ ቋንቋውም ጀርመንኛ ነው ይላል አስተርጓሚው። ባለግመሉ ይህን ሰው ወደዱት በሉኝ! ሲተርክ ለሚውል አፋቸው አዲስ ወሬ ሆነላቸው። አንድ ቀን ፍየል አርደው ከነአስተርጓሚው ቤታቸው ጠሩትና ከአንድ ትሪ በሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እጅ ሲያስታጥብ የነበረው ልጃቸው ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝ መሬት ላይ እየተንከባለለ ነበር።

ተበልቶ ሲያበቃ እንደ ወጉ የእንግዳ ዘር ይጠየቃል። ‹‹አባትህ ማን ይባላል?›› አሉ ባለግመሉ። ፈረንጁ፣ ‹‹ሽሚት›› አለ። ‹‹አያትህስ?›› ‹‹ሽሚት።›› ‹‹ቅድመ አያትህ?›› ‹‹ሽሚት!›› ባለግመሉ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ እስከ ሰባት ቤት ሽሚት፣ ሽሚት፣ ሽሚት። እኛ አገር ልጅ በአባቱ ይጠራል፣ አባት በአያት፤ ሰባት ቤት ሙሉ ባንድ ስም የሄደ ሰው ማን ሰምቶ ያውቃል? ‹‹ማሻአላህ! ይሄማ የሱልጣን ዘር ነው!›› ብለው ደረታቸው ተነፋ። ‹‹ትርጉሙ ምንድን ነው በለው እስቲ!››

አስተርጓሚው ጠየቀና ከንፈሩን ነከስ አደረገ። ‹‹ቀጥቃጭ ማለት ነው›› አለ።

ፈረንጁ ስለ ስሙ የሚጠይቀው ሰው አግኝቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ደስ ብሎት ወሬውን ለቀቀው። ድሮ ባገራቸው ሰው የሚጠራው ባንድ ስም ብቻ ነበር አለ። በአንድ መንደር አምስት ሰው ባንድ ስም ሲጠራ ግብር ጸሐፊው ግራ ይገባዋል። ‹‹የትኛው?›› ሲል፣ አንዱን ‹‹ቀጥቃጩ›› ይሉታል፣ አንዱን ‹‹ሸማኔው››፣ አንዱን ‹‹ባለወፍጮው››። ያ የተጻፈው ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየወረደ፣ መዶሻ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ ቀጥቃጭ ተብሎ ቀረ። የሱ አባት እንኳ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፣ ስማቸው ግን ቀጥቃጭ። ‹‹ማረሻ የማያስፈልገው መንደር የለም›› አለ፤ ‹‹ስለዚህ በየመንደሩ ቀጥቃጭ ነበረ፤ ዛሬ ባገራችን በብዛት ከሚቀድሙት ስሞች አንዱ የኛ ነው። አንዳንዱ ቤት አጻጻፉን ይለዋውጠዋል እንጂ ገበያ መሃል ‹ሽሚት!› ብለህ ብትጣራ የሚዞረው ብዙ ነው። ዳኛው ቀጥቃጭ ነው፣ ሐኪሙ ቀጥቃጭ ነው፣ ቄሱም ቀጥቃጭ ነው።››

ባለግመሉ ይህን ሁሉ የሰሙ አይመስለኝም። ሰባቱ ጣታቸው እንደታጠፈ ቀርቷል። ለሳቸው ዘር የተባለው ሲቆጠር የሰሙት ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ ብሎ ነገር የለም። ሰባት ቤት ቀጥቃጭ! ያውም ከአንድ ትሪ!

በማግስቱ፣ ‹‹በላኝ! ወላሂ በላኝ!›› እያሉ ተኙ። ሦስት ቀን እህል የሚባል ባፋቸው አልዞረም። ቡዳ የበላውን ሰው የሚያድነው ያው የበላው ነው፣ መጥቶ እንትፍ ሲልበት ይለቀዋል ይባላል። ልጁ ክፉ ነው፣ ከግርጌያቸው ቁጭ ብሎ፣ ‹‹አባባ፣ ፈረንጁን ልጥራና እንትፍ ይበልብዎት?›› ይላቸዋል።

‹‹አብደሃል? ‹ትፋብኝ› ልበለው? ያሰቅለኛል!››

‹‹እንግዲያው ሌላ ቀጥቃጭ ቢሆንስ? ሙያው እንደሆን አንድ ነው።››

ከተኙበት ቀና አሉ። ኩታቸውን ስበው፣ ‹‹ግመሏን ጫንልኝ›› አሉ።

ረፋድ ላይ ነው የመጡት። ኩታቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ልጁ ግመሏን እየሳበ፣ እኔን ላለማየት ሰማይ ሰማይ ያያል። ባየኝ በሳቅ ይፈነዳላ! ባለግመሉ ሳይወርዱ፣ ‹‹አንተ፣ እንትፍ በልብኝና ልሂድ›› አሉት አባቴን።

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ። እሱ አልሳቀም። ‹‹ምራቄ መድኃኒት አይደለም›› አለ። ‹‹መድኃኒት ከሆነ በሽታውም እኔው ነኝ ማለት ነው። አልተፋም። ይልቅ ይውረዱና ከኔ ጋር ይብሉ። ካመመዎት የተባለው ሁሉ እውነት ነው፣ ልጄን ይዤ ካገር እወጣለሁ። ካላመመዎት ግን ሽማግሌ ይላኩ።››

ወናፉን ለቅቄ ተነሣሁ። ሆድ እኮ በፍርሃትም ይታመማል! ሦስት ቀን ባዶውን የከረመ ሆድ ደግሞ ምን ይታመናል? ባለግመሉ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ግመሏን አዩ። ‹‹ያው አንዴ ተበልቻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብኛል!›› ብለው ወረዱ።

የማሽላ ገንፎ በጥድፊያ አገነፋሁ። ቅቤውን መሃሉ ላይ አፍስሼ አቀረብኩ። ባለግመሉ ‹‹ቢስሚላህ›› ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው የጥፍር ያህል ቆረሱና ዋጡ። ሦስታችንም ሆዳቸው ላይ አፈጠጥን። ሆዳቸው ጮኸ! ወይኔ ጉዴ፣ አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰደዱ፤ ጩኸቱ የረሃብ ነበር። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያማ ማን ይቁጠር፣ ቅቤው ድረስ ጠለቁ። ‹‹ጨው ረስታለች ልጅቱ›› አሉ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ። በሩጫ አመጣሁላቸው። ከደጃችን ግራር ሥር ጥላው እስኪዞር ተቀመጡ፤ ቁርጠት የለ፣ ምን የለ። ተነሥተው ኩታቸውን አራገፉና አባቴን፣ ‹‹ሐሙስ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እንዳይጠፉ›› አሉት።

ግመሏ ከዓይን እስክትሰወር እንኳ አልጠበቅሁም። እልል አልኩ፣ ዘለልኩ፣ ወናፉን አቅፌ ሳምኩት፣ ዶሮዎቹ ተበታተኑ። ከዚያ ገበታውን ላነሣ ጎንበስ ስል ገንፎው በባለግመሉ በኩል ተሟጧል፣ በአባቴ በኩል ጣት አልነካውም።

‹‹አባባ፣ ምነው አልበላህም?›› አልኩት።

‹‹የሰው እጅ ከገበታዬ ሲመላለስ አይቼ አላውቅም፣ ልጄ›› አለኝ። ‹‹እሱን ሳይ መብላቱን ረሳሁት።››

አጠገቡ ቁጭ አልኩና የቀዘቀዘውን ገንፎ አጎረስኩት።