የአብዱልሐሚድ ጉንፋን

ሃያ ሁለት አካባቢ ሬዲዮ የተበላሸበት ሁሉ አብዱልሐሚድ ዘንድ ይሄዳል። የወሎ ሰው ነውና ለዛ አያጣም፤ ሬዲዮን እንደ በሽተኛ ያናግራል። ያቺው ለዛው ናት በቀይ ሽብር ጊዜ ልታስበላው የነበረች።

ለአብዮት በዓል የቀበሌው ኪነት ቡድን ከአንድ ቡና ቤት የተወረሰ ትልቅ ስፒከር ደረሰው። ቤዝ ጊታሩ ሲመታ ግን የስፒከሩ ሳጥን እንደ ባዶ ጀሪካን ይንኳኳል እንጂ አያጓራም። አብዱልሐሚድ ተጠራ። ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ድምፁ ታፍኗል» አለ። «መተንፈሻ ካልተከፈተለት አይሰማም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱ የተናገረው ስለ ሳጥኑ ነበር፤ በዚያ ዘመን የሚታፈነው ግን ሰው ነው። ጎረቤቱ እሸቴ ራሱ ታፍኖ እንደተወሰደ አልተመለሰም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተክለብርሃን ተነሳ። «የማን ድምፅ ነው የታፈነው?»

አብዱልሐሚድ ክው አለ። «የሳጥኑ፣ ጌታዬ።» ጓድ ማለት ሲገባው ጌታዬ ማለቱም ሌላ ጥፋት ሆነ።

«እንግዲያው አስተንፍሰውና እንስማ። ካልተነፈሰ ነገሩ ለሌላ እንደነበር እናውቃለን።» የአብዮት ጥበቃው በሩን ዘጋ።

የአብዱልሐሚድ እጅ ግን ሥራውን አልረሳም። ከስፒከሩ ሥር ሳጥኑን በመጋዝ ክብ አድርጎ በሳ። ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚገፋው አየር በዚያ ወጥቶ ቤዙን እንዲያወፍረው፣ ታችና ላዩ የተቆረጠ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ እንደ ቱቦ ሰካበት። ቆርቆሮው ቀዳዳው ውስጥ ከላላ ነገር እንደሚበላሽ ያውቃል፤ ሌላ ግን ከየት ያምጣ?

«ምታው» አለው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹን።

ቆርቆሮው ተንጫጫ። ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አብዱልሐሚድ «ያ ረቢ» ብሎ ኮፍያውን አወለቀና በቆርቆሮው ዙሪያ ጠቀጠቀው።

«እስቲ ድገመው።»

አሁን ድምፁ ከመሬት ሥር የመጣ ያህል ወፍሮ ወጣ፤ የመስኮቱ መስተዋት ተርገፈገፈ። ሰዉ መጀመሪያ ሊቀመንበሩን አየ፣ ከዚያ አጨበጨበ።

ተክለብርሃን አላጨበጨበም። «ሳጥኑ ተንፍሷል» አለው ጠጋ ብሎ። «አንተ ግን አፍህን ጠብቅ።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሰኪና ባዶ ራሱን አይታ ደነገጠች። «ምን ሁነህ ነው? ኮፍያህስ?»

ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ድምፅ እምቢ አለው። «ጉንፋን ነው» አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲህ አብዱልሐሚድ ሱቅ የሚመጣ ሬዲዮ ሁሉ፣ ሕመሙ ምንም ይሁን ምን፣ የያዘው ጉንፋን ነው።