የፈቲያ ዥዋዥዌ

«ክሪኤቲቭ» የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ አጋሮ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋ ነበር። ባለቤቴ ዘይነባ እዚያው ቡና ትለቅማለች። ልጃችን ፈቲያ ስታለቅስ እናቷ ሥራ እንዳትፈታ ብዬ ከጆንያና ከገመድ ዥዋዥዌ ሠራሁላት። ዘይነባ ገመዱን በእግሯ እየገፋች በእጇ ትለቅማለች።

ፈቲያ በሰባት ወሯ በኩፍኝ ሞተችብን። በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ላይ እንዳለን፣ አንድ ካድሬ ቤታችን ገባ።

«ጓድ፣ አንተ እኮ ክሪኤቲቭ ነህ!» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ያልነበረ ነገር ከራሱ አፍልቆ የሚሠራ ማለት ነው። ዥዋዥዌህ ለጅማው የፈጠራ ኤግዚቢሽን ተመርጧል።»

ጎረቤታችን አባ ቢያ፣ «ልጄ፣ ሕፃኗን እኮ ከትናንት ወዲያ ቀበርናት» አሉት።

«ያሳዝናል። ዕቃው ግን የሰፊው ሕዝብ ነው» አለና ከመጋዘኑ አምጥተን ቤት ከሰቀልንበት ፈትቶ ወሰደው።

በሳምንቱ የጆንያ መቁረጫ ቢላዬን ይዤ ጅማ ሄድኩ። ገመዱን ቆርጬ ላመጣው ቆርጫለሁ። ዥዋዥዌው አዳራሹ መሃል ተሰቅሏል፤ ካድሬው ለተመልካቹ ያብራራል። ቢላዬን አወጣሁ።

ከጆንያው ውስጥ ሕፃን ጮኸች። ለማሳያ ብለው ከሰርቦ ያመጧት የቡና ለቃሚ ልጅ ናት። ካድሬው ገመዱን በእጁ ሲጎትት ባሰባት።

«እንደሱ አይደለም!» ብዬ ጮህኩበት። ቢላዬን ኪሴ ከትቼ መሬት ተቀመጥኩና ገመዱን በእግሬ ገፋሁ። ዝም አለች።

ካድሬው አጨበጨበ። «አያችሁ ጓዶች? ክሪኤቲቭ ማለት ይሄ ነው!»

ተነስቼ ላንቀው ነበር። ግን ሕፃኗ ገና ማሸለቧ ነበር።