ላስቲኩ ያልተላጠ ሰዓት

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ እዚሁ ኦስሎ ነው። ሰዓት ማንበብም የተማርኩት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የጽዳት ሥራ ባገኘሁ ማግስት በጣት ተቆጥሮልኝ «ስምንት ሰዓት ላይ ና» ተባልኩ። እኔም ምሳዬን በልቼ፣ ታጥቤ፣ ያገሬን ሰው ሰዓት ጠይቄ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከተፍ አልኩ። ለካ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነበር። አለቃችን ሴትዮዋ ባዶ እጄን አንጓው ላይ ይዛ ወደ ላይ አነሳችና ለሠራተኛው ሁሉ አሳየች። ሳቁ። ቋንቋውን ባልሰማም ሳቁን ሰማሁት። በዚህች እጅ ላይ እሷ ካሰረችው የሚበልጥ ሰዓት ሳላስር አልሞትም አልኩ።

ዛሬ የራሴን ታክሲ እነዳለሁ። ሰዓቱንም ከመረጥኩ ቆይቻለሁ። የሰዓት ፋብሪካው ዋናው ሱቅ ወረፋ ያዝ አለኝ፤ ስሜን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። በየወሩ ስጠይቅ «አልመጣም» ነው መልሱ። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ ነጋዴ ግን መስኮቱ ውስጥ ደርድሮታል፤ አዲሱን፣ ከጭረት የሚጠብቀው ስስ ላስቲክ ገና ያልተላጠውን፣ ፋብሪካው ባወጣው ዋጋ ላይ ግማሹን ያህል ጨምሮበት። ወረፋው ለእኔ፣ ሰዓቱ ለእሱ። ከረባት ያሰረ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሆልምሊያ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር የሚኖር ጓደኛዬ፣ እሱም ታክሲ ነጂ ነው፣ «መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ ነው ያደግኩት፤ ለእኔ ተወው» ብሎ ወደ ነጋዴው ሱቅ ተከተለኝ።

ነጋዴው ዋጋውን ሲጠራ ጓደኛዬ እንደተሰደበ ሰው ጮኸ። «የፋብሪካውን ዋጋ እናውቃለን እኮ!»

«እሱ ወረፋ ለሚጠብቅ ነው» አለ ነጋዴው።

ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ በአማርኛ፣ «ጥለን እንውጣ። በሩ ጋ ሳንደርስ ይጠራናል፣ ወላሂ!» አለኝ።

ወጣን፣ ቀስ እያልን። ማንም አልጠራንም። ትራም ፌርማታው ላይ ቆመን በሩን ማየት ጀመርን። አንድ ትራም አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ።

«አሁን ይወጣል» አለ ጓደኛዬ።

«ማን ነው የሚወጣው? መስታወት እየወለወለ ነው ሰውየው።»

«እልኸኛ ነው። ትንሽ ታገሥ።»

ሦስተኛው ትራም ሲመጣ ሳቄ አመለጠኝ። እዚህ አገር ለማኙ ገዢው ነው። «አንተ ጠብቀው» ብዬው ተመለስኩና የጠየቀኝን ከፈልኩ። እየተበላሁ እንደሆነ አውቄ ነው የከፈልኩት።

ነጋዴው ደስ ሲለው ምክር ጨመረልኝ። «ላስቲኩን እንዳትነካ። ከነሳጥኑ አስቀምጠው፤ በዓመቱ አትርፈህ ትሸጠዋለህ።»

«ስንት ሰዓት እንደሆነስ በምን ልወቅ?»

«በስልክህ።»

እዚያው ፊቱ፣ በጥፍሬ ላጥኩት። የከፈልኩት ጭማሪ ከላስቲኩ ጋር ተጠቅልሎ ባንኮኒው ላይ ወደቀ። ብርዱ ያስገባው ጓደኛዬ በሩ ላይ ሆኖ፣ «አበድክ? ገንዘብህን እኮ ነው የላጥከው!» አለ።

«የራሴን ነው።»

ነጋዴው ከንፈሩን ነክሶ ሰዓቱን ሞላልኝ፤ በእነሱ አቆጣጠር ሁለት ከሩብ ላይ አቆመው። ማዞሪያውን ስቤ ስምንት ከሩብ አደረግኩት።

«ተሳስተሃል» አለኝ።

«ያኔም አልተሳሳትኩም» አልኩት። እጄን ራሴ አነሳሁና አየሁት፤ ከቀኑ ስምንት ከሩብ።

ዋናው ሱቅ ያለውን ወረፋዬን አልሰረዝኩም። ይደውሉ። አላነሳላቸውም።